ሳይቀመስ የሚወጣ ወጥ

ደብረ ታቦር ውስጥ የሥልጠና ባነር ያልተሰቀለበት ሳምንት ማግኘት ከባድ ነው። ሰው አዳራሽ ይገባል፣ አንዱ ፊት ቆሞ ግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ ያነብለታል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሰርተፊኬቱን ይቀበላል። በማግስቱ ሥራው ላይ ተመልሶ ድሮ የሚሠራውን እንደ ድሮው ይሠራል። እኔ በዚህ ነገር ብዙ ዓመት ስናደድ ኖሬያለሁ። የምናደደውም የገዛ ሥራዬ ስለሆነ ነው፤ መንገድ የሚሠራና ብሎኬት የሚያመርት አንድ ድርጅት ውስጥ የሥልጠና ባለሙያ ነኝ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ የምናገረው የራሴን ጥፋት ስለሆነ ስሙ አያስፈልግም።

ንዴቴ መላ ያገኘ የመሰለኝ ባሕር ዳር ሄጄ ለአሥር ቀን የሥልጠና አዘገጃጀት የተማርኩ ጊዜ ነው። አስተማሪያችን ኮቱ የሰፋው፣ ድምፁ ከሁለተኛው ወንበር አልፎ የማይሰማ ሰውዬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ አምስት ሣጥን ሣለና በቀስት አያያዛቸው። ዳሰሳ፣ ንድፍ፣ ዝግጅት፣ ትግበራ፣ ግምገማ። አሥሩንም ቀን የተማርነው ስለነዚህ ብቻ ነው። መጀመሪያ ትጠይቃለህ፤ ሰዎቹ ሥራውን በደንብ የማይሠሩት ባለማወቅ ነው ወይስ እያወቁ? ባለማወቅ ከሆነ የሚጎድላቸውን ለይተህ ትነድፋለህ፣ ትምህርቱን ታዘጋጃለህ፣ ታስተምራለህ፣ በመጨረሻም ሥራው ላይ ሄደህ ለውጥ መምጣቱን ታያለህ። እያወቁ ከሆነ ግን ሥልጠናህን ጠቅልለህ አስቀምጥና የሚከለክላቸውን ነገር ፈልግ። «የመጀመሪያውን ሣጥን የዘለለ ሰው» አለን በዚያ በማይሰማ ድምፁ «ቀሪዎቹን አራቱን አሳምሮ ይሠራና አሳምሮ ይሳሳታል።» ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ አሰመርኩበትም።

ስመለስ አምስቱን ሣጥን ካርቶን ላይ ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቀልኩ፤ እንደ ዳዊትም ደገምኩት። ከዚያ በኋላ «እስቲ ለነእንቶኔ ሥልጠና ስጪልን» ብሎ ቢሮዬ የመጣውን ሁሉ በጥያቄ አፋጠጥኩት። ዳሰሳው የታለ? ችግሩን ማን አየው? ምን ጎደለ? ባልደረቦቼ በኮሪደሩ ሳልፍ «ሣጥኗ መጣች» ይሉኝ ጀመር። ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? በዚያ ሁሉ ቢሮ ነገርን ከሥሩ የምትይዝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

አንድ ጠዋት፣ ጥምቀት ሊደርስ ሰሞን፣ የአስተዳደር ኃላፊያችን ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀት የሚወድ ሰው ነው። ጉዳዩ የወጥ ቤቱ ነበር። ድርጅታችን ከከተማው ወጣ ብሎ በጋፋት መንገድ የብሎኬት ማምረቻ አለው፤ እዚያው ለሠራተኞቹ ምሳ የሚያበስል ወጥ ቤት አለ። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ከጉና ሥር ካሉት ቀበሌዎች መጥተው ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሚንቶ ሲያቦኩ የሚውሉ። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳቸውን ካልበሉ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ምሳው አልጥም ሲላቸው የወጥ ቤቱ በር ላይ በሲባጎ በተንጠለጠለው የአስተያየት መዝገብ ይጽፋሉ። «ዛሬ ወጡ ጨው የለውም።» «ዛሬ ደግሞ የባለፈውን ጨምረው አመጡት።» አንዱ ብሎኬት ሥሎ ከሥሩ «የምሳችን ጣዕም» ብሏል።

«የክህሎት ክፍተት ነው» አለኝ ኃላፊው። «አራቱም ሴቶች ሙያውን በትምህርት አላገኙትም። ሁዳዴ ሳይገባ አሠልጥኚልኝ።»

እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ጨው ይለካል፤ ሥልጠናዬም ይሠራ አይሠራ በጨው ይታወቃል። ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኝም አልኩ። ሁዳዴ ሊገባ የቀረው ጊዜ ግን ጥቂት ነበርና ዳሰሳውን በአንድ ጠዋት ጨረስኩት። ኃላፊውን ጠየቅሁ፤ «የክህሎት ክፍተት» አለኝና እንዳለ ገለበጥኩት። መዝገቡን ወስጄ ገለጥ ገለጥ አደረግሁ፤ ጨው፣ ጨው፣ ጨው ይላል፤ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበትና በሩ ላይ አዲስ መዝገብ አንጠለጠልኩ። ለአራቱ ሴቶች አንድ አንድ ቅጽ ሰጠሁ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ትምህርት፣ የቀድሞ ልምድ። ማክሰኞ ለት ወጥ ቤቱ ገብቼ የማገዶው ጭስ ዓይኔን እስኪያነደኝ ቆምኩና ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ማፍሰሴን እንኳ ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ዋና ወጥ ሠሪዋን ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ጭልፋ የሚጨብጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሩቅ ከተማ ኮሌጅ ትማራለች። ያቺ ልጅ የምትበላውም የምትማርበትም ከዚህ ወጥ ቤት ነው፤ ሌላ ምንም የላቸውም። ሁለተኛዋ ሠላሳ ያልሞላት፣ ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ቶሎ የምትስቅ ልጅ ናት። የቀሩት ሁለቱ እንጀራውንና ሽንኩርቱን የያዙ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ብዙም አልተነጋገርንም።

የሥልጠናውን ቀን ስንመድብ እትዬ «ረቡዕና ዓርብ ይቅርብን መምህርት፤ ለዚህ ትምህርት አይመችም» አሉኝ። እኔም ሠልጣኞቼን የማሳትፍ ዘመናዊ ባለሙያ ነኝና ለምን ብዬ ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። በዕቅዱም ላይ «መርሐ ግብሩ በሠልጣኞች ምርጫ ተዘጋጅቷል» ብዬ ጻፍኩ። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሆነ።

በባጃጅ ስመላለስ ስለ ጋፋት አስብ ነበር። ድሮ ንጉሡ እዚያ መድፍ ያሠሩ ጊዜ፣ ሠሪዎቹ መድፍ ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ እየሠሩ ተማሩት ይባላል። «ዳሰሳ የለ፣ ንድፍ የለ» እያልኩ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

የመክፈቻውን ንግግር ኃላፊው አደረገ። «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» አለና ራሱ ሳቀ። ሴቶቹ አልሳቁም። ከዚያ እኔ ቀጠልኩ። ሥልጠናው፣ ራሴን ላመስግንና፣ ቆንጆ ነበር። አዳራሽ አልወሰድኳቸውም፤ በገዛ ድስታቸው፣ በገዛ ምድጃቸው ነው ያሠለጠንኳቸው። «ቅመሱ፣ ጠብቁ፣ ጨምሩ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ አሠርቼ ከምድጃው በላይ ለጠፍኩ። ጨው እስኪሟሟ ድረስ ስንት ጊዜ መጠበቅ እንዳለበት፣ ትኩሱ ወጥ ምላስን እንዴት እንደሚያታልል አሳየሁ። እትዬ ጭልፋውን እፍ ብለው ቀመስ ያደርጋሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፣ በሁለት ጣታቸው ቆንጠር አድርገው ይጨምራሉ፤ ልክ ይመጣል። በሦስቱም ሳምንት፣ በሥልጠናው ቀኖች አንድም ስሞታ አልተጻፈም። በመጨረሻው ፈተና አራቱም አለፉ፤ እትዬ አንደኛ ወጡ። የውጤት መግለጫው ላይ ከስማቸው አጠገብ «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም አስደረግሁበት።

ሁዳዴ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊው እንደገና ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ለእትዬ የተጻፉ ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ነበሩ። ሦስተኛው ስንብት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ወጡ አንድ ቀን አልጫ ውሃ፣ አንድ ቀን የማይቀመስ ጨው ሆኖ ሠራተኞቹ ሳህናቸውን ይዘው ቢሮው ድረስ መጥተውበታል። ከደብዳቤዎቹ ጀርባ አንድ ወረቀት ተያይዟል፤ አየሁት። የእኔ የውጤት መግለጫ ነው።

«ከዚህ በፊት አልተማርንም ይሉ ነበር» አለኝ። «አሁን ተምረዋል። አንደኛ ወጥተዋል ብለሽ ፈርመሻል። እያወቁ ካልሠሩ ቸልተኝነት ነው። ሰኞ ጉዳያቸው ይታያል፤ መጥተሽ ይህንኑ ታረጋግጫለሽ።»

ከቢሮው የወጣሁት በእሱ ተናድጄ ቢሆን ጥሩ ነበር። የተናደድኩት በእትዬ ነው። ስንት የለፋሁበትን፣ ለሰው ሁሉ ያወራሁለትን ሥልጠና በአሥር ቀን ገደል ከተቱት አልኩ። ቀጥታ ባጃጅ ይዤ ወጥ ቤት ሄድኩ። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የምሰማው?» አልኳቸው ገና ከበሩ። «ተምረው፣ አልፈው፣ አንደኛ ወጥተው! ስሜን እኮ አጠፉት።»

«እንዴት ዋልሽ መምህርት» አሉኝ።

ጭልፋውን ከእጃቸው ወስጄ ከሽሮው ቀዳሁና ዘረጋሁላቸው። «እስቲ ይቅመሱት። አሁን፣ እኔ ፊት።»

ሽንኩርት የምትከትፈው እጇን አቆመች። እትዬ ጭልፋውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ሌሎቹ እንዳይሰሙ የፈለጉ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሁዳዴ እኮ ነው መምህርት። ቅዳሴ ገና አልወጣም።»

በሁዳዴ ቅዳሴ የሚወጣው ከዘጠኝ ሰዓት ወዲያ ነው። እስከዚያ እትዬ ውሃ እንኳ ወደ አፋቸው አያስጠጉም። ምሳው ግን ስድስት ሰዓት ላይ መውጣት አለበት። ለዚያ ሁሉ ሰው የሚሆነውን ወጥ በዓይናቸውና በአፍንጫቸው ነው የሚሠሩት፤ ጨው ደግሞ በዓይንም በአፍንጫም አይያዝም።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ብወጣ ጥፋቴ በግማሽ ይቀል ነበር። ግን የሆነ ነገር አስፈራኝ። በዚያ ጠዋት እኔ ፍርፍር በልቼ ነው የወጣሁት። ሥጋና ወተት እተዋለሁ እንጂ ሰዓቱን አልጾምም። ጨጓራ አለብኝ፣ ሐኪም አዞኛል እላለሁ፤ ሐኪሙ ያዘዘልኝ ኪኒን እንጂ ቁርስ አልነበረም። ይህንን ከቤቴ ውጪ የሚያውቅ የለም፤ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ጿሚ ነው፤ እኔም ከሁሉም ጋር ነኝ። እትዬ «ሁዳዴ እኮ ነው» ሲሉኝ የተነቃብኝ መሰለኝና ብሼ ተናገርኩ።

«በምላስዎ ጫፍ ነካ አድርገው ይትፉት! ምን አለበት? ለእንጀራዎ ነው፣ እግዜርም ያውቃል። ሦስተኛው ደብዳቤ ከመጣ ልጅዎን በምን ሊያስተምሩ ነው?»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። እትዬ ጭልፋውን ከእጄ ቀስ ብለው ተቀበሉና ሽሮውን ወደ ድስቱ መለሱት።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ተቀምጬ የአስተያየት መዝገቡን ከመሳቢያ አወጣሁ። ሠራተኞቹ ቀኑን ጽፈዋል። ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁት። ረቡዕ። ዓርብ። ረቡዕ። ዓርብ። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ሲገባ በየቀኑ፣ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና በየቀኑ። ሰኞ ለት የተጻፈ ስሞታ ብፈልግ፣ ከጾም ውጪ አንድ አላገኘሁም። መዝገቡ ከሁለት ወር በላይ እጄ ላይ ነበር። ማንም የማያውቀው ምሥጢርም አልነበረም፤ እናቴ ዕድሜዋን ሁሉ በጾም ሳትቀምስ ሠርታ አብልታናለች፣ ጨው ሲጎድል አባቴ «ጾም ነው» ብሎ ዝም ብሎ ይበላ ነበር። እቤት የሚታለፈው ነገር ድርጅት ውስጥ ሲገባ የክህሎት ክፍተት ሆነ፤ የክህሎት ክፍተት ብዬ የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

እትዬ ለምን ሌላ ሰው አያስቀምሱም ብዬም ነበር፤ መልሱን ግን እዚህ አገር የተወለደ ሁሉ ያውቀዋል። አዋቂን ሰው በጾም ቀን «ቅመስልኝ» ማለት «አንተ እኮ አትጾምም» ብሎ በሰው ፊት ማዋረድ ነው፤ ሠራተኞቹም ቢሆኑ ስድስት ሰዓት እስኪሞላ ጿሚ ናቸው። እትዬ ይህን ከሚያደርጉ ስንብቱን ይመርጣሉ።

የዚያኑ ለት ማታ ወደ ቤት ስመለስ ከዓረብ አገር ከተመለሰችው ልጅ ጋር አንድ ባጃጅ ተጋራን። ገና ሳልጠይቃት ጀመረች።

«እኔ የነበርኩበት ቤት ማዳም ረመዳንን ሙሉ ሳትቀምስ ነበር የምታበስል። ውሃው በጣሳ፣ ሩዙ በጣሳ፣ ጨዉ በማንኪያ። የጓዳው በር ላይ ለየድስቱ ተጽፎ ነበር። አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቅጹ ላይ ልምድ ካለሽ ጻፊ ብለው የለ? የሰው ቤት ሠራተኛ ብዬ ጻፍኩ። በኋላ ሲያነቡልን ‘ልምድ፦ የለም’ ብለው አነበቡት።»

ስንወርድ የእሷንም ሒሳብ ከፈልኩ።

ሰኞ ከሚታየው ጉዳይ በፊት ማድረግ ያለብኝን አውቄዋለሁ፤ የውጤት መግለጫው እንዲሻር፣ ጥፋቱ የዳሰሳው እንጂ የወጥ ሠሪዋ እንዳልሆነ መጻፍ አለብኝ። ጻፍኩ። ግን ወዲያው አልሰጠሁም። ሐሙስን፣ ዓርብን፣ ቅዳሜንና እሑድን ደብዳቤውን ሳሳምር አሳለፍኩ። «ተሳስቻለሁ» የሚለውን «የዳሰሳ ውስንነት ተስተውሏል» አልኩት፣ መልሼ «ተሳስቻለሁ» አደረግሁት፣ እንደገና ሰረዝኩት። አራት ቀን። እትዬ ጋ ደርሼ «ይቆዩ፣ እኔ እናገርልዎታለሁ» ለማለት በባጃጅ ሃያ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ይዤ ስገባ ኃላፊው ብድግ ብሎ ጨበጠኝ።

«ሠራ!» አለኝ። «ሥልጠናሽ ሠራ! ከሐሙስ ጀምሮ ወጡ ልክ ነው። ዓርብ እንኳ ልክ ነው። ሠራተኞቹ መዝገቡ ላይ ‘እግዜር ይስጥልን’ ብለው ጽፈዋል። ቁጥጥር ነበር የጎደለው። ሦስተኛውን ደብዳቤ ትቼዋለሁ።»

ደብዳቤዬን ሳልሰጠው ወጣሁ። በመንገድ ላይ ልጅቷ የማዳሟን መላ ለእትዬ ነግራቸው መሆን አለበት እያልኩ ደስ ብሎኝ ነበር። ወጥ ቤቱ በር ላይ አገኘኋት።

«በማንኪያው ነው አይደል?»

«ማንኪያውን ማን ጠየቀኝ» አለች። አልሳቀችም። «እትዬ ናቸው የሚቀምሱት። ከሐሙስ ጀምሮ። አራቱንም ድስት። እኛን አያስነኩንም። ‘እኔ አንዴ ገድፌዋለሁ፤ አንድ ሰው ከገደፈ ይበቃል’ አሉን።»

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚለውን ተረት በሰው ላይ ስተርተው ኖሬ ያን ለት በራሴ ላይ ደረሰ። አፈርኩ። ገብቼ ከእትዬ ፊት ቆምኩ፤ ምድጃው ላይ ምስር ወጥ ይንተከተካል።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ አይቀምሱም፤ እኔ እቀምሳለሁ። እኔ ቁርሴን በልቼ ነው የወጣሁት። ዛሬም፣ ያን ለት ረቡዕም።»

የቀሩት ሦስቱ አንገታቸውን ወደ ሥራቸው ደፉ። ሰው ሲዋረድ ላለማየት እንደሚደረገው ነው። እትዬ ግን ፈገግ አሉ።

«አውቃለሁ መምህርት» አሉኝ። «የፍርፍር ሽታ እኮ ነበረብሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እየሄድኩ ቀማሽ ሆንኩ። ልጅቷ አስተማሪ፣ እኔ ምላስ። ለየድስቱ የውሃውን ልክ በእንጨት ላይ በቢላ ቆረጥን። ጨዉን በሲኒ ሰፈርን፤ ሲበዛ ቀነስን፣ ሲያንስ ጨመርን፤ እኔ ቀምሼ «ይብቃ» ስል ልጅቷ ቁጥሩን ካርቶን ላይ ትጽፋለች። ምላሴ ተቃጥሎ ሳምንት ሙሉ ሻይ መጠጣት አቃተኝ። ኃላፊው ሰሞኑን በሥራ ሰዓት ወጥ ቤት ምን ታደርጊያለሽ ቢለኝ «ዳሰሳ» አልኩት። ደብዳቤዬንም ሰጠሁት፤ «ተሳስቻለሁ» የሚለውን እንዳለ ትቼ። አንብቦ «ማኅተም ያረፈበት ውጤት አይሻርም» አለ፤ ሁለቱን ማስጠንቀቂያዎች ግን አነሣላቸው። ለሆሣዕና ሰሞን ወጡ የማንም ምላስ ሳይነካው ልኩን ይዞ ይወጣ ነበር። «ቅመሱ፣ ጠብቁ፣ ጨምሩ» የሚለውን ጽሑፌን ራሴ አነሣሁት።

ትንሣኤ አለፈ። የአምስተኛው ሣጥን ሕግ ከሥልጠናው ሦስት ወር በኋላ ሠልጣኙ ዘንድ ሄደህ ጠይቅ ይላል፤ ሌላ ጊዜ ቢሮዬ ተቀምጬ ነበር የምሞላው፤ ያን ጊዜ ሄድኩ። ረቡዕ ነበር፣ ግን ጊዜው ሃምሳው ነውና ጾም የለም። እትዬ ከወጥ ቤቱ ደጅ በርጩማ አውጥተውልኝ እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

«ሥልጠናው ምን ለውጥ አመጣልዎ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እንደ ወጉ ሳይሆን መልሱን ፈልጌ ጠየቅሁ።

ከቀሚሳቸው ላይ አመዱን አራገፉ።

«ጨውማ ተስተካከለ» አሉ። «ማስጠንቀቂያውም ተነሣልኝ፣ እግዜር ይስጥሽ። ለትንሣኤ ግን ሳልቆርብ ቀረሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ አንድ ዓመት ቀርቶብኝ አያውቅም ነበር። ንስሐ አባቴማ ‘ቀኖናሽን ፈጽመሻል፣ ቅረቢ’ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እግሬ እንቢ ያለኝ። ከደጀ ሰላሙ ቆሜ አስቀድሼ ገባሁ።» ነጠላቸውን አስተካከሉና ቅጹን አዩት። «ይኼም ይጻፋል?»

«ይጻፋል» አልኳቸው።

«እንግዲያ ስሜን አትጻፊው» አሉኝ። «ልጄ ለበዓል መጥታ ለምን ሳትቆርቢ ቀረሽ ብላ ስትጨቀጭቀኝ አሞኝ ነው ብያታለሁ። በእሷ ትምህርት የተነሣ መሆኑን ከሰማች ጥላው ትመጣለች።»

አልጻፍኩትም።